ሁለቱ አስር ቁጥሮች

ኅዳር 3

መስመሩ ተገናኘ። ራውተሩ ላይ አረንጓዴዋ መብራት ስትበራ ከነወንበሬ ዞርኩ። ገንዘብ ያዧ ዘነበች ከመስኮቷ አንገቷን አውጥታ ሎተሪ ወጣልሽ እንዴ አለችኝ። ከሎተሪ ይበልጣል አልኳት። ቪፒኤን ማለት በሕዝቡ ኢንተርኔት መሀል ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ የራሳችን መንገድ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ የወልድያው ክሊኒካችንና የመርሳው ክሊኒካችን እንደ አንድ ቤት ናቸው ብዬ ማስረዳት ስጀምር፣ እንኳን ደስ አለሽ ብላ መስኮቷን ዘጋችው።

ደስታዬ ግን ያለምክንያት አይደለም። መርሳ አዲስ የራጅ መሣሪያ ገብቷል። ራጅ የሚያነብ ሐኪም ያለን ግን አንድ ብቻ ነው፤ ዶክተር ካሕሱ፣ እሳቸውም የሚቀመጡት ወልድያ። ስለዚህ መርሳ የተነሳው ራጅ በመስመሩ መጥቶ እሳቸው ኮምፒውተር ላይ መታየት አለበት። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ወርቁ ቁርጡን ነግረውኛል፤ እስከ ገና ካልሠራ መሣሪያው ተነቅሎ ወልድያ ይመጣል። መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ሰውም እንደ ድሮው የተሰበረ እግሩን ይዞ በሚኒባስ ይመላለሳል።

የመርሳው ራጅ አንሺ ሃፍቶም ይባላል። የወልድያ ልጅ ነው፤ እኔ የማውቀው ግን በስልክ ብቻ ነው። ድምፁ ረጋ ያለ ነው። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ኅዳር 5

አልመጣም።

ሃፍቶም ልኬያለሁ ይላል። መሣሪያው ራሱ «ተልኳል» ብሎታል። ዶክተር ካሕሱ ምንም አልደረሰኝም ይላሉ። አረንጓዴዋ እንደበራች ናት። እኔ መሀል ላይ በሁለት ጆሮዬ ሁለት ስልክ ይዤ ቆሜያለሁ።

ዶክተር ካሕሱ ስልኩን ሲዘጉ የመርሳ ልጆችን ሙቀቱ አስንፏቸዋል ሲሉ ሰማሁ። ይህን ለሃፍቶም አልነገርኩትም። ነገርኩት እንጂ፣ ግን በቀልድ መልክ ነው። ሳቀ። ጥሩ ሳቅ አለው።

ኅዳር 8፣ ማታ

መርሳ ደርሼ መጣሁ። እንቅልፍ እንደሆነ አልመጣልኝም፣ እንግዲያው ሁሉንም ልጻፈው።

ክሊኒኩ በር ላይ ስደርስ ከወልድያ ያልወጣሁ መሰለኝ። ዶክተር ወርቁ መርሳን ሲከፍቱ ሁሉ ነገር እንደ ወልድያው ይሁን ብለው ነበር፤ ሠራተኛ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዛወር ግራ እንዳይገባው። ቀለሙ ያው ውሃ ሰማያዊ ነው። አግዳሚ ወንበሮቹ ያው ናቸው። የክፍሎቹም ቁጥር ያው ነው፤ ካርድ ክፍል አንድ፣ ላብራቶሪ አራት፣ የሐኪም ክፍል አስር። ዶክተር ወርቁ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «መንታ ልጆቼ ናቸው» እያሉ ነው የሚያወሩት። እንግዳ ተቀባይዋ ጥሩወርቅ፣ ገና ሙሽራ ናት፣ መጸዳጃ ቤቱን ላሳይሽ ብላ ስትነሳ አውቀዋለሁ ብያት ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ዞር ብዬ ሳያት አፏን ይዛ ታየኛለች።

ሃፍቶም ከድምፁ ይረዝማል።

አብረን አንድ ራጅ ላክን። «ተልኳል» አለ። ወልድያ ደወልኩ፤ የለም። ያኔ አንድ ነገር ጠረጠርኩና አስር ቁጥር ክፍል የት ነው አልኩት። ሐኪም ስላልተቀጠረ ተቆልፏል አለ። ጥሩወርቅ ቁልፉን አመጣች። ጠረጴዛው አቧራ ለብሷል፣ ኮምፒውተሩ ግን በርቷል፤ አጥፉት ያለ ሰው አልነበረም። ማውሱን ነካ ሳደርገው የሀብሩ ሰው እግር፣ ጎድን፣ ትከሻና መንጋጋ ተደርድሮ ቁጭ ብሏል።

ዶክተር ወርቁ መንታ ያደረጉት ለካ ቀለሙን ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር መስመሩ ላይ የሚጠራበት ቁጥር አለው፣ እንደ ቤት ቁጥር ማለት ነው። ወልድያ ያለው የዶክተር ካሕሱ ኮምፒውተር 192.168.1.10 ነው። ይኸም ባዶ ክፍል ውስጥ የተቆለፈበት 192.168.1.10 ነው። ራጁ ወደ አስር ሂድ ሲባል ቅርቡን አስር ያገኛል፣ ገብቶ ያርፋል፤ ወልድያ የምትባል አገር መኖሯንም አያውቅ። ኮምፒውተሩን ብናጠፋውም እዚያው መርሳ ውስጥ ይፈልገዋል እንጂ ከበር አይወጣም። ማንም አልዋሸም፤ ሃፍቶም ልኳል፣ ዶክተር ካሕሱም አልደረሳቸውም።

ሁለታችንም አቧራው ላይ ተደግፈን ሳቅን። ሃፍቶም እንባውን በነጭ ጋዋኑ እጅጌ ጠረገ። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥም ብቻዬን ሳቅሁ፤ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ስሪንቃ ላይ ሰው ሲወርድ ቦታ ቀየረች።

የሳቅሁት በራጁ ነው።

ኅዳር 10

ለዶክተር ወርቁ ነገርኳቸው። ከሁለቱ የአንዱ ቁጥር ይቀየር አልኩ።

«የትኛውን ልጄን ነው ስሙን የምቀይረው?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ምክንያትም አላቸው። የመርሳውን መሣሪያ የገጠመው የሻጩ መሐንዲስ ነው፤ የመሣሪያውን የራሱን ቁጥር ለመንካት እሱ ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት፣ እንዲህ በየጊዜው በሚዘጋ መንገድ ደግሞ አይመጣም። ወልድያ ያለው ካርድ ክፍል፣ ገንዘብ ቤት፣ ላብራቶሪ፣ መድኃኒት ቤት ሁሉ የሚተዋወቀው በቁጥሩ ነው። «ሳትነኪ አገናኚ» ብለውኝ ወጡ። ሽማግሌ አደረጉኝ እኮ።

ኮሪደር ላይ ደግሞ ለዘነበች ይቺ ልጅ ካልቻለች መሣሪያውን ማምጣት ነው ሲሉ ሰማኋቸው። ዘነበችም ትችላለች አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ልቧ ከዚህ ከሆነ» ስትል ሰማሁ። ልቤ የት ሊሆን ነው?

ኅዳር 15

ሳልነካ መቆየት አላስቻለኝም። ትናንት እሑድ ብቻዬን ገብቼ የወልድያውን ቁጥር በሙሉ ቀየርኩት። ዘፈንኩም። ባዶ ክሊኒክ ውስጥ ድምፄ ያምራል።

ዛሬ ሰኞ። የሽንት ምርመራ ውጤት መድኃኒት ቤቱ ማተሚያ ላይ ወጣ። ፋርማሲስቱ የመድኃኒት ማዘዣ መስሎት በሽተኛውን ይሄ እኛ ጋ የለም፣ ደሴ ሞክር አለው። ዘነበች ደረሰኝ ልትቆርጥ ብትል ላብራቶሪው ውስጥ ታተመላት። እኔ በአንድ እጄ ይቅርታ እየጠየቅሁ በሌላው እየመለስኩ ዋልኩ። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ዶክተር ወርቁ አልጮሁብኝም። መነጽራቸውን ጠረጉ፤ እሱ ባሰብኝ። ለራሴ «ሜላት፣ አንቺ ልጅ እረፊ» አልኩ።

ማታ ለሃፍቶም በስልክ ሳወራለት ደሴ ሞክር የሚለው ላይ ስደርስ ስልኩ ከእጁ ወደቀ። ሲወድቅ ሰማሁት።

ኅዳር 22

መርሳ ነበርኩ። የኬብል ጫፍ ልቀይር። በስልክ ሊሠራ ይችላል፣ ግን የኬብል ነገር በዓይን ሲያዩት ይሻላል። ሹሩባ የተሠራሁት ለትናንቱ ጽዮን ማርያም ነው።

ከሥራ በኋላ ክሊኒኩ ጓሮ ብርቱካን ልጠን በላን። መሣሪያው ወልድያ ከመጣ አንተም ትመጣለህ፣ እናትህ ቤት ገብተህ ትኖራለህ፣ ደስ አይልህም አልኩት። ጥያቄው የሥራ ነው።

«ደስ ይለኛል» አለ። «ግን ባለፈው አንዲት ሴት ግራና ከምትባለው ከተማ በላይ ካለ ቀበሌ ባሏን በቃሬዛ አሸክማ መጣች። ሌሊቱን ነው የሄዱት። ወልድያ ሂዱ ብዬ መልሼ ላኳት። ፊቷን ብታይው... መሣሪያው እዚሁ ቢቀር ነው የምፈልገው።»

እንግዲያው ይቀራል አልኩት። ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኩት። ሚኒባስ ከተሳፈርኩ በኋላ ነው ያሰብኩት፤ መሣሪያው ከቀረ እሱም መርሳ ይቀራል። መስመሩ ከሠራ ደግሞ እኔ መርሳ የምሄድበት ጉዳይ አይኖርም። ያው የሥራ ሐሳብ ነው።

ማታ ዘነበች ያመጣሁላትን ብርቱካን እየላጠች «ይሄ የመርሳ ነው። ራውተሩ ነው የሰጠሽ?» አለች።

ታኅሣሥ 2

አገኘሁት መሰለኝ! ቁጥሩን መቀየር አያስፈልግም። ራውተሩ በር ላይ ቆሞ ስም ይለውጣል። መርሳ ወልድያን በራሷ ቁጥር ሳይሆን በሌላ ቁጥር፣ በ10.77.1 ትጠራታለች። ያኔ ከጓዳዋ አስር ጋር አይምታታባትም።

ታኅሣሥ 3

አልሠራም። መርሳ ጠራች፤ ወልድያ ሰማች። ስትመልስ ግን መልሱን እዚሁ ቤቷ ላለው ቁጥር ሰጠችው። ማለት፣ የጠራት የመርሳ ሰላሳ ቁጥር፣ ራጅ መሣሪያው ነው፤ እሷም ሰላሳ ቁጥር አላት፤ ለእሱ መለሰችለት። ወልድያ ውስጥ ያለው ሰላሳ ቁጥር የካርድ ክፍሉ ማተሚያ ነው።

ካርድ ክፍል ማተሚያ ስለ ሰው ጎድን መልስ ሲላክበት ምን እንደሚሰማው አላውቅም። ሦስት ወረቀት ሙሉ ጥቁር አትሞ ዝም አለ።

ታኅሣሥ 8

መንገድ ተዘግቷል። መብራትም የለም። ስልክ ግን አለ። ከሃፍቶም ጋር ስለ መስመሩ አወራን። ባትሪዬ እስኪያልቅ።

ታኅሣሥ 10

ዶክተር ወርቁ የጭነት መኪና ባለቤት ሲያነጋግሩ ሰማሁ። ከገና ማግስት አሉት። ዕቃው የሚሰበር ነው፣ ፍራሽ ይነጠፍ አሉት። ለመሣሪያው የሚነጠፈውን ፍራሽ ሳስብ ያቺ ባሏን በቃሬዛ ያመጣች ሴት ትዝ አለችኝ፤ ሳላያት ትዝ አለችኝ። አንድ ወር ሙሉ ስስቅ ነው የከረምኩት። ባልችልስ?

ታኅሣሥ 13፣ ማታ

መንገዱ ተከፈተና መርሳ ሄድኩ። ከየት ጀምሬ እንደምጽፈው አላውቅም።

እንግዳ መቀበያው ላይ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተክዤ ተቀምጫለሁ። አንዲት እናት ከአንድ ጎልማሳ ጋር ገቡና ብርነሽን ጥሪልኝ ልጄ አሉኝ። እዚህ ብርነሽ የምትባል የለችም እማማ አልኳቸው። ይህን ስል ጥሩወርቅ አቤት እያለች ከካርድ ክፍል ወጣች፤ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። አማቷ ናቸው። ጎልማሳውንም ጥላዬ፣ እንዴት ዋልክ አለችው።

ሲሄዱ ጠየቅኋት። በእነሱ ቤት ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ያወጡላታል፤ ስለዚህ ባሏ ቤት ጥሩወርቅ ብርነሽ ናት። እሷም የባሏን ዘመድ በስሙ መጥራት ነውር ስለሆነ ለእያንዳንዱ ስም አውጥታለታለች። ጥላዬ የባሏ ወንድም ነው፣ ዋና ስሙ አበባው ነው። ደግሞ የራሷ ወንድምም አበባው ነው። አበባው የሚባሉት ሁለቱ አይምታቱብሽም ወይ አልኳት። በጣም የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኋት ሁሉ አየችኝ።

«ምኑ ይምታታል? ወንድሜ እቤቱ አበባው ነው። ጥላዬም እቤቱ አበባው ነው። ስሙን የቀየረ ሰው የለም። እሱ እኔ ጋ ሲመጣ ነው ጥላዬ፣ እኔም እነሱ ቤት ስገባ ነው ብርነሽ። አንዱ ብቻ ስም አውጥቶ ሌላው ዝም ካለማ ምኑን ጋብቻ ሆነ?»

ላፕቶፑ ከጭኔ ሊወድቅ ነበር። እኔ ስም ያወጣሁት ለአንዱ ብቻ ነው። መርሳ ወልድያን የምትጠራበት ስም ሰጠሁ፤ ወልድያ መርሳን የምትጠራበትን ግን አልሰጠሁም። ለዚያ ነው መልሱን ለራሷ የምትመልሰው። ጥሩወርቅን ጉንጯን ሳምኳት። ምን ሆናለች ብላ ወደ ሃፍቶም አየች። እሱ ደግሞ ይሄ የተለመደ ነው አላት።

እዚያው የመርሳውን ራውተር አስተካከልኩ። ለመርሳ ወልድያ 10.77.1 ናት፤ ለወልድያ መርሳ 10.77.2 ናት። የመጨረሻዋ ቁጥር አትነካም፤ አስሩ አስር ነው፣ ሰላሳው ሰላሳ ነው። እቤቱ ያለ ሁሉ እንደነበረው ይቀመጣል። ሃፍቶም ምን ላግዝሽ ሲለኝ ቁጭ በል አልኩት። ቁጭ አለ። ረድቶኛል።

የወልድያውን ነገ።

ታኅሣሥ 14

ከጠዋት ጀምሮ። ራውተሩ ገባው። ሃፍቶም ራጁ የሚላክበትን ቁጥር እንደገና 10.77.1.10 ብሎ ቀየረ። ከተቆለፈው ክፍል ካሉት አንዱን ላከ።

ዶክተር ካሕሱ ከክፍላቸው «ይሄ የማን ትከሻ ነው?» ብለው ተጣሩ።

ኮሪደሩን በሩጫ ጨረስኩት። ዘነበች የሰው ገንዘብ እንደያዘች ተነስታ አጨበጨበች። ሃፍቶም ስልኩ ላይ መጣ ወይ፣ መጣ ወይ ይላል። መጣ እያልኩት አለቀስኩ። የሠራሁት ሥራ ነው ያስለቀሰኝ።

ታኅሣሥ 20

ዛሬ የመጀመሪያው እውነተኛ በሽተኛ። አባባ ኢዘዲን የሚባሉ የግራና ሽማግሌ ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸውን ይዘው መጡ። ልጃቸው ወደ ወልድያ ሊያሳፍራቸው መኪና ደጅ አቁሟል። ሃፍቶም ራጁን ላከ፣ ዶክተር ካሕሱ አዩት፤ አጥንቱ ደህና ነው፣ ሥጋው ነው የተጎዳው፣ በዚያ መንገድ አታንገላቷቸው አሉ። መኪናው ባዶውን ሄደ።

ሽማግሌው ይህን የሠራችውን ልጅ አገናኙኝ ብለው በስልክ መረቁኝ። «አላህ የልብሽን ይሙላልሽ» አሉኝ። አሜን አልኩ። የልቤ መስመሩ እንዳይቋረጥ ነው።

ታኅሣሥ 27

ዶክተር ወርቁ የጭነት መኪናውን ሰረዙት። ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ሳትነኪ አገናኘሽ ብለው አመሰገኑኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ ከእንግዲህ መርሳ መመላለሱ ቀረልሽ፣ ሁሉንም ከዚህ ሆነሽ ታዪዋለሽ፣ እረፊ።

ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። ዘነበች ለምን እንደዚያ እንዳየችኝ አልገባኝም።

ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ። ጾሙ ተፈታ፣ ሥጋው ተበላ፣ ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል። መስመሩ አልተቋረጠም። ወደ ሥራ እንደገባሁ መጀመሪያ የማየው አረንጓዴዋን ነው፤ በርታለች። ከምሳ በኋላም በርታለች። ሃፍቶም ራጅ ይልካል፣ ይደርሳል፣ ስለዚህ አይደውልም። ድሮ ስለማይደርስ ነበር የሚደውለው።

ዛሬ አንድ ጊዜ ብትጠፋ ምን አለበት ብዬ ተመኘሁ። ወዲያው ደነገጥኩ። በዚያ መስመር የሰው አጥንት ነው የሚያልፈው። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እሺ። ለራሴ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው? ናፍቆኛል።

ጥር 3፣ እሑድ

መርሳ ሄድኩ።

ኬብል አልያዝኩም፣ ላፕቶፕ አልያዝኩም። መናኸሪያ ረዳቱ ዕቃሽን ልጫን ብሎ እጁን ሲዘረጋ ዕቃ የለኝም አልኩት፤ ፊቴ ጋለ። ስሪንቃ ላይ ወርጄ ልመለስ አልኩ። ለምን መጣሽ ብባል የምመልሰው አንድም ነገር አልነበረኝም። እስከ ዛሬ ሁልጊዜ የምመልሰው ነበረኝ።

ሃፍቶም ተረኛ ነበር። ራጅ ክፍሉ በር ላይ ሲያየኝ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ምን ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸም» አልኩት።

ዞሮ ራውተሩን አየ። አረንጓዴ ነው። እንደገና እኔን አየኝ። ጥሩወርቅ ድንገት ካርድ ክፍል ውስጥ ሥራ በዛባትና በሩን ዘጋችው።

«ዓርብ ዕለት ልነቅለው ነበር» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ቢቋረጥ ትመጣለች ብዬ። ሶኬቱን ይዤው ሳለ አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው ገቡ። ክንዱ ተሰብሯል። ለቀቅሁት።»

ሳቄም እንባዬም እኩል መጡብኝ። እኔም እንድትጠፋ ስመኝ ነበር አልኩት። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር ምድር አልተከፈተችም። እሱም አልሳቀብኝም። ወንበሩን ለእኔ ስቦ እሱ የበሽተኛ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ ሳይቋረጥም ትመጫለሽ ማለት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሳይቋረጥም አልኩት።

የመጨረሻው ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ ስለ ራውተሩ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።